ጋሽ ዓባይነህ ይቅርታ ሊጠይቁኝ የመጡ ዕለት

ጥፋተኛው እኔ ነኝ። ይህችን አንዲት ቃል ለመናገር ስድስት ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ ስለዚህ ዛሬ ከመጀመሪያው ልናገርና ልገላገል።

ተሻገር እባላለሁ። የምነዳው ቤት መኪና ነው፤ ወንበሩ ተነቅሎ ተደራራቢ አልጋ፣ ጠረጴዛና የጋዝ ምድጃ የገባለት አሮጌ አውቶቡስ። የአፈር ጥናት ባለሙያዎች ያድሩበታል። የሚዞሩባትን ትንሽ መኪና ብዙ ጊዜ ከኋላ አስሬ እጎትታታለሁ፤ ነዳጅ በማይገኝበት ዘመን ሁለት ሞተር ማስነሳት እብደት ነው። በጉተታ ማንም እንዲያማኝ አልፈልግም። መጎተቻው ብረት ከአውቶቡሱ ጋር በወፍራም ካስማ ይያያዛል። ካስማው ዘሎ እንዳይወጣ ከታች አንዲት ትንሽ ማቆሚያ ትገባለች። ብረቱ ቢከዳ ተብሎ ደግሞ ሰንሰለት ይታሰራል። ይህን ለስንቱ ሹፌር አስተምሬያለሁ! አፌ መቼ ሰንፎ ያውቃል።

እኔን መሪ ያስጨበጡኝ ደግሞ ጋሽ ዓባይነህ ናቸው። ዳንግላ ላይ አርባ ዓመት ሲነዱ ዶሮ እንኳ አልገጩም ይባልላቸዋል። "ፍሬን የሚያዘው በእግር አይደለም፣ በዓይን ነው" ይሉኝ ነበር። ስሳሳት ጆሮዬን ይቆነጥጡኛል፤ ያኔ እኮ የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ!

ጥቅምት ላይ ባለሙያዎቹ በትንሿ መኪና ቀድመውኝ የጥናት ቦታቸው ጥርባ ገብተዋል። እኔ ባዶውን ቤት መኪና ይዤ ከዳንግላ ስወጣ የጋሽ ዓባይነህ ነጭ አውቶሞቢል መንገድ ዳር ቆማ አገኘኋት። ሞተሯ አልነሳ ብሏል።

"እንጅባራ ጋራዥ ድረስ ጎትተኝ" አሉኝ።

"ምን ገዶኝ፣ ጋሼ! እርስዎ ብቻ መሪውን ይያዙልኝ።"

ብረቱን ገጠምኩ፣ ካስማውን ሰካሁ። ማቆሚያዋን ላስገባ ስል አስከሬን የያዙ ለቀስተኞች አስፋልቱን ተሻግረው ወደ ቤተ ክርስቲያን አለፉ። አስከሬን ሲያልፍ ሥራ የያዘ እጅ ያርፋል፤ ጥቂት እርምጃም ቢሆን ይሸኛል። ማቆሚያዋን ኪሴ ከተትኩ፣ ቆቤን አወለቅሁ፣ ከጋሽ ዓባይነህ ጋር እስከ መታጠፊያው ሸኘን። ስንመለስ ስለ ሟች እያወራን ነበር። እየተጫወትን እሳቸው መኪናቸው ገቡ፣ እኔም መሪዬ ላይ ወጣሁ። ሰንሰለቱን እንኳ ከሳጥኑ አላወጣሁትም፤ መንገዱ ቅርብ ነው ብዬ። ማቆሚያዋን የረሳሁት ለሟች ክብር ስል ነው ልበል፤ ሰንሰለቱስ? እሱ ንጹሕ ስንፍና ነው።

ወደ እንጅባራ በሚያወርደው ቁልቁለት ላይ አውቶቡሱ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ወጣ። ወዲያው ከኋላዬ ጓ! የሚል ድምፅ ሰማሁ። በመስታወት ሳይ ነጯ መኪና የአውቶቡሱን የኋላ በር ገጭታ ወደ ሣሩ ታጥፋለች። ሣሩ ላይ ደረሰ የሚባል ገበሬ ፈረስ ታስሮ ነበር።

ሮጬ ስደርስ ጋሽ ዓባይነህ ግንባራቸው አብጦ ቆመዋል። ፈረሱ ወድቋል፤ ገበሬው ደረሰ አንገቱን አቅፎ እንደ ሰው በስሙ ይጠራዋል። ከአውቶቡሱ ስር አጎነበስኩ፤ ካስማው የለም። እጄን ኪሴ ስከት ማቆሚያዋ አለች።

"ተሻገር፣ እኔ ነኝ" አሉ ጋሽ ዓባይነህ። "ቁልቁለቱ ላይ ደንግጬ ፍሬኑን በኃይል ረገጥኩት። ብረቱን ያስለቀቅሁት እኔ ነኝ። አርጅቻለሁ፣ ልጄ።"

ማቆሚያዋን ኪሴ ውስጥ ጨበጥኳት። ትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ የእሳቸውን ቃል ጻፈ። ወደ እኔም ዞረ። "እሳቸው እንዳሉት ነው" አልኩ። ፈረሱ ገና እየተነፈሰ ነበር።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእኔዋ እያደረች ደፈረሰች። ሳልናገር ሳምንት ሞላ፤ ሳምንት ከሞላ በኋላ ደግሞ "እስካሁን የት ነበርክ?" መባሉን ፈራሁ። ጋሽ ዓባይነህ ለልጃቸው ለምህረት ቁልፉን አስረከቡ። መኪናዋ ተጠግና ብትመጣም መሪዋን አልነካም አሉ። አስፋልት ሲሻገሩም የሰው ክንድ ይፈልጋሉ ሲሉ ሰዎች ነገሩኝ። ሻይ ቤት ውስጥ "ዶሮ ያልገጩት ሰው ፈረስ ገጩ" እየተባለ ይሳቃል። አንድ ቀን እኔም አብሬ ሳቅሁ። ጥፋቴን ሁሉ ብደረድር ከዚያች ሳቅ የሚብስ አላገኝም።

አለቆቼ የአውቶቡሱን በር አይተው ለሁለት ሳምንት ከሥራ አገዱኝ። ይህን ጋሽ ዓባይነህ ሰሙ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ምህረት እየነዳች በዚያችው ነጭ መኪና ደጃፌ ደረሱ፤ አቶ አስማረንና ሌላ ሽማግሌ አስከትለዋል። ሲገቡ ቀና ብዬ አየሁ። ጋሽ ዓባይነህ እንደ በዳይ ድንጋይ ጫንቃቸው ላይ አድርገዋል።

"በእሱ ጥፋት ከእንጀራህ ተፈናቅለሃል" አሉ አቶ አስማረ። "ስለ እግዚአብሔር ብለህ ይቅር በለው።"

የተበደለ ሰው በአንድ ልመና ይቅር አይልም፤ ደንቡ ነው። እኔ ዝም ብል ሽማግሌዎቹ የተቀየምኩ መሰላቸው። ደገሙ። በሦስተኛው ጋሽ ዓባይነህ ራሳቸው እግሬ ላይ ሊወድቁ ጎነበስ አሉ።

"አይሆንም!" ብዬ ድንጋዩን ከጫንቃቸው ነጠቅሁ። "ማቆሚያዋን አላስገባሁም፣ ጋሼ። ለቀስተኞቹ ሲያልፉ ኪሴ ከትቼ ረሳኋት። ሰንሰለትም አላሰርኩም። እርስዎ ምንም አላጠፉም። ጥፋተኛው እኔ ነኝ።"

አቶ አስማረ አፋቸውን ያዙ። ጋሽ ዓባይነህ በዝግታ ቀና አሉ።

"መቼ አወቅህ?"

"ያኔውኑ። ፈረሱ ሳይሞት።"

እንዲቆጡኝ ጠበቅሁ፤ እንደ ድሮው ጆሮዬን ቢቆነጥጡኝ ደስ ባለኝ። "ይቅር ብዬሃለሁ" አሉኝ። በቃ። እኔ ስድስት ሳምንት ያማጥኩትን እሳቸው በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት፤ በዚህም አፈርኩ።

ከዚያ ወደ ምህረት ዞሩ። "ቁልፉን ስጭኝ።"

ምህረት ዓይኗ እንባ አቅርሮ ሰጠቻቸው። ሁላችንም ተከትለን ወጣን። ጋሽ ዓባይነህ መሪው ላይ ተቀመጡ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፉ፣ መስታወቱን ለራሳቸው አስተካከሉ። እንደ ድሮው! ልቤ ቀለል አለኝ። ሞተሩን አስነሱ። ቀኝ እግራቸውን ፍሬኑ ላይ አሳረፉ።

እግሩ ይንቀጠቀጥ ጀመር። በእጃቸው ጉልበታቸውን ጫን አድርገው ያዙት፤ አልቆመም። አነሱትና እንደገና አስቀመጡት፤ ያው ነው። ሞተሩን አጠፉ።

"ጋሼ፣ እርስዎ እኮ አላጠፉም" አልኩ በመስኮቱ።

"እኔማ ሰምቼሃለሁ" አሉኝ። "እግሬ ነው ያልሰማህ።"

ወርደው በመኪናዋ ዙሪያ፣ አንድ እጃቸውን ከጣሪያዋ ሳያነሱ፣ ወደ ወዲያኛው በር ሄዱ። ክንዳቸውን ልይዝ ስጠጋ ለምህረት ክንዳቸውን ሰጧትና ገቡ።

"ንጂ፣ ልጄ" አሏት።