ዓሣ ያልነካው ገንዘብ

ዓሣ ሻጯ ሚላግሪን እንደምትለው፣ ሐሰተኛውን አምስት መቶ ፔሶ የሰጣት የባጃጅ ሾፌሩ አማዶ ነው፤ ጎህ ሲቀድ ሁለት ኪሎ ዓሣ ገዝቶ፣ መልሱን እንኳ ሳይቆጥር ሹልክ ብሏል። አማዶ እንደሚለው ደግሞ፣ የሰጣት እናቱ ቃጫ ሸጣ ያገኘችውን ንጹሕ ገንዘብ ነው፤ መልሱንም ያልቆጠረው ሚላግሪንን ስለሚያምናት ነው።

በሳጥኗ ውስጥ የነበሩት ባለ አምስት መቶ ኖቶች ሁለት ብቻ ናቸው። ሌላውን የሰጣት በመኪና የመጣ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ እንግዳ ነው። ስለዚህ የአንደኛው ቀለም እርጥብ ጣቷ ላይ ሲለቅ ብዙም አላሰበችም፤ ገበያው እየሰማ አማዶን "አጭበርባሪ" አለችው። የባጃጅ ማኅበሩ እንዲህ ያለ ስም የወጣለትን ሾፌር ከሥራ ተራው ያስወጣል። አማዶ ይህን ሲሰማ ተሳፋሪውን አውርዶ መጣ።

"ማናይ ሚላ፣ እንደ ታላቅ እህቴ ነው የማይሽ። አሥር ዓመት በረዶሽን ያመላለስኩት ዛሬ ላታልልሽ ነው?"

"በረዶውም ቢሆን ግማሹ ቀልጦ ነበር የሚደርሰው፣" አለች ጎን ያለችው ሽሪምፕ ሻጭ። ሰው ሳቀ። አማዶ አልሳቀም።

በዚህ መሀል ገበያው ሁሉ ሎሎ፣ አያት፣ የሚላቸው ኤርሞ በምርኩዛቸው መጡ። ዕድሜያቸውን በተራራው ላይ አባካ ሲፍቁ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ የዚያ የሙዝ ዘመድ ቃጫ ገመድም ይሆናል፣ የአገሩ የወረቀት ገንዘብም ይሆናል። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል።

"ሁለቱንም ስጡኝ፤ የቱ የቱ እንደሆነ አትንገሩኝ።"

አውራ ጣታቸው በመጀመሪያው ላይ በዝግታ ሄደ። "ይሄ የኛ ልጅ ነው።" ሁለተኛውን ገና እንደነኩት ለሚላግሪን መለሱላት። "ይሄ ተራራ አያውቅም።"

 ሚላግሪን ሃያ ዓመት ሙሉ ገንዘብ ወደ ብርሃን እያነሳች ስትመረምር ኖራለች፤ ብርሃን የማያዩት ሰው በአንድ ዳሰሳ ሲለዩት ገረማት።

"የማን እንደሆነስ፣ ሎሎ?" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ሽማግሌው እውነተኛውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ከጫፉ ላይ አንዲት የደረቀች የዓሣ ቅርፊት በጥፍራቸው አንስተው መዳፏ ላይ አኖሩላት።

"ዛሬ መጀመሪያ ከአንቺ የገዛ ማነው?"

"አማዶ።"

"በመጀመሪያው ገንዘብ ምን ታደርጊያለሽ?"

ሚላግሪን የማለዳውን አስታወሰች። የገበያው ሻጭ ሁሉ የሚያደርገውን ነበር ያደረገችው፤ ቀኑ እንዲቀናት የመጀመሪያውን ገንዘብ ሳትመረምር በእርጥቡ ዓሣ ላይ ከዳር እስከ ዳር አሻሽታዋለች። ሐሰተኛው ቢሆን ኖሮ ቀለሙ ያን ጊዜውኑ በለቀቀ ነበር። በእጇ ያለው ግን ከአንዲት የጣቷ አሻራ በቀር ደረቅ ነው፤ ዓሣ ዓሣም አይሸትም።

ቅርፊቷ መዳፏ ላይ እንደ መስታወት ስባሪ ታበራለች። በየማለዳው ከዕድል በቀር ምንም ሳትጠብቅ የምታደርገው ነገር፣ ዛሬ የሰው እንጀራ የሚያድን ምስክር ሆኖ መጣ። ዓይኗን ከቅርፊቷ ላይ መንቀል አቃታት።

"ሐሰተኛውን ዶሮ በሚያዋጉበት አሳልፊው፣" አለቻት ሽሪምፕ ሻጯ በሹክሹክታ። "እዚያ ማን ያያል?"

ሚላግሪን ከበርጩማዋ ተነሳች።

"አጭበርባሪ ስለው የሰማችሁ ሁሉ ይሄንንም ስሙኝ። አማዶ ንጹሕ ነው፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ይሄን ወረቀት አሁኑኑ ባንክ ወስጄ አስረክባለሁ፤ ምትክ እንደማይሰጡኝም አውቃለሁ። የምሄደውም በአማዶ ባጃጅ ነው።"