እህቴ አትጠየቅ

«የመተንፈሻ መሣሪያውን እንዳይገጥሙላቸው ያደረገችው እሷ ናት አሉ።»

ልጅቷ የውሃ ማንቆርቆሪያዋን እንዳንጠለጠለች በሩ ላይ ቆመች። ይህን ያለችው አንዲት ለቀስተኛ አጠገቧ ለተቀመጠችው ሴት ነው፤ የለቅሶ ቤት ሹክሹክታ ግን ከጩኸት ይብሳል። እንዳልሰማ ሆና ገባች፤ ብርጭቆዎቹን ሞልታ ወጣች። አባቷ ከተቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። መልስ መስጠት ቀርቶ ማልቀስም ደክሟታል።

ከሐሜቱ ይልቅ ያንገበገባት የአክስቷ ዝምታ ነበር። አክስቷ፣ የአባቷ ታላቅ እህት፣ እናታቸው ስትሞት ገና በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ወንድማቸውን እንደ ልጅ ያሳደጉ ሴት ናቸው። ከቀብር ወዲህ ግን የወንድማቸውን ልጅ ቀና ብለው አላዩአትም።

አባቷ አርባ ዓመት አውቶቡስ ነድተዋል። ሳንባቸው እንደማይድን ሐኪሙ በነገራቸው ማግስት ነርሷ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። የቀራቸውን ጊዜ እንዴት ማሳለፍ እንደሚፈልጉ እየጠየቀች ቅጽ ላይ ጻፈች። አልጋዬ ወደ መንገዱ ይዙርልኝ አሉ። ሕመሙን አስታግሱልኝ፣ ግን ጠያቂ ሲመጣ ማን እንደሆነ እንዳውቅ አታደንዝዙኝ አሉ። የመተንፈሻ መሣሪያው ላይ ሲደርሱ ፈገግ ብለው፣ ሞተሩ ያለቀ መኪና መግፋት መንገድ መዝጋት ነው አሉ። መጨረሻ ላይ ድምፃቸው ተለወጠ።

«ራሴን ካላወቅኩ ልጄ ትጠየቅ። እህቴ አትጠየቅ።»

ልጅቷም ቃላቸውን ጠበቀች። ትንፋሻቸው ሲቆራረጥ ሐኪሙ ጠየቃት፤ ቅጹ ላይ እንዳለው ይሁን አለች። አክስቷ የደረሱት ነገሩ ካለቀ በኋላ ነበር።

ከሰዓት በኋላ እንግዳው ሳሳ ሲል አክስቷ ወደ ወጥ ቤት መጡ። ልጅቷ ዕቃ እያጠበች ነበር።

«ለምን አልጠራሽኝም?»

«እሳቸው ናቸው ያሉት፣ አክስቴ።»

«ምን ብሎ? እኔ ምን በደልኩት?»

ልጅቷ እጇን አደራረቀች። ይህን ላለመናገር ሦስት ቀን ሙሉ ሐሜቱን ውጣለች፤ አሁን ግን መዋሸት አቃታት።

«‹እናታችን ልትሞት ስትል ሐኪሞቹን «ይብቃት፣ አታስቸግሯት» ያለችው እሷ ናት› አሉ። ‹ዕድሜዋን ሙሉ ራሷን ስትወቅስ አይቻለሁ። ሁለተኛ አይጫንባትም።›»

አክስቷ የእቃ ማጠቢያውን ጠርዝ ያዙ።

«አንድም ቀን አልነገርኩትም» አሉ። «ያወቀ አይመስለኝም ነበር።»

«ያውቁ ነበር።»

ሳሎን ውስጥ አዲስ ለቀስተኛ መግባቱ ተሰማ። ልጅቷ ልትቀበል ወደ በሩ ስትራመድ አክስቷ ትከሻዋን ይዘው በርጩማ ላይ አስቀመጧት። ከዚያ እንደምንም አጎንብሰው የጫማዋን ማሰሪያ ፈቱላት፤ ያበጠ እግሯን ከጫማው አውጥተው፣ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያሹላት ጀመር።