የመናኸሪያው ድምፅ

የድምፁን ፍጥነት እንደገና ቀነሰው። በኮምፒውተሩ ጥቁር መስኮት ላይ፣ የሰው ድምፅ አስመስሎ ከሚያናግረው ፕሮግራም ስም ቀጥሎ፣ ዓረፍተ ነገሩን ይጽፋል፤ ከዚያ ፍጥነቱን፣ የድምፁን ውፍረት፣ በቃላት መሃል የሚኖረውን እረፍት በቁጥር ያዛል። ቁልፉን ሲጫን ኮምፒውተሩ ጥቂት ያስብና በእህቱ ድምፅ ይናገራል። «ነይ ልጄ፣ እናትሽ ጋ ነይ።» ጥርት ያለ ነው። ያስጠላውም ጥርት ማለቱ ነበር።

እህቱ ትራሷን ተደግፋ ታየዋለች። ጉሮሮዋን ኦፕራሲዮን ከሆነች ወዲህ መናገር አትችልም፤ የምትተነፍሰውም አንገቷ ላይ በገባው ቱቦ ነው፤ ትንሿ ልጇ የቱቦውን ፉጨት ፈርታ ከበሩ አልፋ አትገባም። ሐኪሙ በሽታው ሳንባዋ መግባቱን፣ ብዙም እንደማትቆይ ለወንድሟ ብቻ ነግሮት ነበር። እሱ ግን መዋሸት አልሆነለትም፤ ነገራት። እሷም ስልኳ ላይ ጽፋ አሳየችው፤ «ልጄን አንድ ጊዜ ልቀፋት።» ልጅቷን በራሷ በእናቷ ድምፅ ሊጠራላት አሰበ።

ድምጿን ለመሥራት የተቀዳ ነገር ያስፈልጋል። ቤት ውስጥ እህቱን ማን ይቀዳል? የተገኘው የሠራችበት መናኸሪያ ያስቀመጠው ብቻ ነው፤ ዓመታት ሙሉ የአውቶብስ መነሻ በድምፅ ማጉያ ስትናገር የተቀዳው። ሌላ ከተማ የተኛ ሹፌር ትቀሰቅሳለች እያሉ ይቀልዱባት ነበር። ደስ ብሎት ሁሉንም ለፕሮግራሙ አጎረሰው። ሰው ተሳፋሪ በሚጠራበት ድምፅ ልጁን እንደማይጠራ ልብ ያለው ዛሬ ነው። ቁጥሮቹን ቢያወጣ ቢያወርድ ያ የሥራ ቃና አልለቅ አለው።

እህቱ በእጇ ቀጥል አለችው። ስፒከሩን ወደ በሩ አዞረና ቁልፉን ተጫነ።

ልጅቷ ብቅ አለች። ፊቷ በራ። ድምፁን ታውቀዋለች፤ እናቷ ሥራ ላይ ሳለች እግሯ ሥር ተቀምጣ፣ ያ ድምፅ በጠራ ቁጥር ሰው ሻንጣውን አንስቶ ሲሮጥ በመስኮት እያየች ነው ያደገችው። እህቱ እጆቿን ዘረጋች። ልጅቷ ግን ዞር ብላ ሮጠች፤ ጫማዋን አጥልቃ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ታቅፋ ተመለሰችና በሩ ላይ ቆመች።

«አጎቴ» አለች ቀስ ብላ፤ «ማን ነው የሚሄደው?»

እህቱ ኪቦርዱን ወደ ጭኗ ጎትታ ዓረፍተ ነገሩን አጠፋችና አንድ ቃል ጻፈች፤ «እኔ»። ቁጥሮቹን አልነካቻቸውም። ከዚያ ቁልፉን ሳትጫን ኪቦርዱን ለወንድሟ መለሰችለት።