ራሰ በራዋ መኪና

መጋረጃ ሰፊው ጣሪያዋ የሚታጠፍ አሮጌ ቀይ መኪና ገዝቶ ግቢው ውስጥ ሲያቆም፣ ሚስቱ ዙሪያዋን ዞራ አየቻትና «የቀረውን መቼ ያመጡልሃል?» አለችው። ሰፈሩም አልቦዘነም፤ በማግስቱ «ራሰ በራዋ» ብሎ ስም አወጣላት።

እሱ ግን ማንም ቢስቅ ግድ አልሰጠውም። ቀኑን ሙሉ የሰው መስኮት ሲለካ፣ የሰውን ብርሃን በጨርቅ ሲሸፍን የሚውል ሰው፣ አመሻሹ ላይ ራሱን ለሰማይ ገልጦ ሲነዳ የሚሰማውን ደስታ ማን ይረዳለታል? በዳቦ ቤቱ በኩል ሲያልፍ ሽታው ሳይጠሩት ዘው ይላል። የትራፊክ መብራት ሲያስቆመው፣ አጠገቡ የቆመ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ቁልቁል ያየዋል፤ አንዱ በመስኮት ብቅ ብሎ «ቤንዚን ላይ እንዴት ናት?» ሲለው ፈገግ ብሎ ይዋሻል።

ደስታው የሚያበቃው ጋራዡ በር ላይ ነው። መካኒኩን ሰው ሁሉ «ቀላል ነው» እያለ ነው የሚጠራው፤ ምን ይዘውለት ቢሄዱ ቀድሞ ከአፉ የሚወጣው ይኸው ነውና። ራዲያተሩ ሲያፈስ ቀላል ነው፤ ማርሹ አልገባ ሲል ቀላል ነው። ጣሪያዋን የሚያጥፈው ሞተር ተቃጥሎ፣ ሸራውም በእጥፋቱ ተተርትሮ፣ ጣሪያው ወደ ኋላ እንደተኛ ሲቀርም «ቀላል ነው» አለ። ዋጋውን ሲነግረው ግን መጋረጃ ሰፊው የሚቀመጥበት ፈለገ። ሞተሩን ትቶ፣ በእጁ የሚዘረጋው ጣሪያ ሊሰፋላት ውኃ የማያስገባ ወፍራም ሸራ ገዛ።

ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው። አብረዋቸው የሚኖሩት አማቱ ክፍል ጣሪያ ያፈስ ነበር። ዝናብ በጣለ ቁጥር አሮጊቷ አልጋቸው አጠገብ ባልዲ ደቅነው፣ ጠብታው እንቅልፍ ሲነሳቸው አማቻቸውን ሲረግሙ ያድራሉ። ሚስትየው ሸራውን ስታይ ትዕግሥቷ አለቀ።

«እናቴ ባልዲ ታቅፋ እያደረች አንተ ለመኪና ጣሪያ ትሰፋለህ? ሰው ምን ይለናል?»

እውነቷን ነበር፤ ይኸው ደግሞ ይበልጥ አበሸቀው። መኪናዋን ሸጦ በዋጋዋ የክፍሉን ቆርቆሮ ሊያስቀይር ቃሉን ሰጠ። ሚስቱም ለቅዳሜ ገዢ አገኘች። አማቱ «ተመስገን፣ ከዚህ ጉድ ተገላገልን» አሉ።

ዐርብ ዕለት አማቱ ከታላቅ እህታቸው ጋር በስልክ ተጣሉ። እህትየው የሚኖሩት ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ነው። በየቀኑ በስልክ ቢያወሩም በአካል ከተያዩ ግን ዓመታት አልፈዋል፤ ምክንያቱም አማቱ መኪና ገብተው በሩ ገና ሲዘጋ ሆዳቸው ይገላበጣል። የዚያን ዕለት ግን ንዴት ሁሉን አስረሳቸው።

«ጆሮዬ ላይ ዘጋችብኝ! በል ተነሥ፣ ውሰደኝ! ፊት ለፊት ነው የምነግራት!»

«እማማ፣ ያጥወለውልዎታል እኮ።»

«ፌስታል ይዣለሁ!»

መጋረጃ ሰፊው በዓይኑ ጥግ ፌስታሉን እየጠበቀ ቀስ ብሎ ነዳ። አማቱ ሻሻቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው መጀመሪያ እህታቸውን፣ ቀጥሎ መንገዱን፣ ቀጥሎ እሱን ሰደቡ። ድልድዩን ሲሻገሩ ግን ዝም አሉ። ደንግጦ ጥግ ይዞ ሊያቆም ሲል «ምን ያስቆምሃል?» አሉት። «ነፋሱ እኮ ነው መሰል... ሆዴን ምንም አላለኝም።» ፌስታሉ እንደተጣጠፈ መዳፋቸው ውስጥ ነበር።

እህታቸው በሩን ከፍተው ሲያዩዋቸው ዓይናቸውን አላመኑም። ተቃቅፈው አለቀሱ። የተጣሉበትን ነገር ማንም አላነሳው። መጋረጃ ሰፊው ውጭ መኪናዋን ተደግፎ እሱም እንባውን ጠረገ፤ ነገ መሸጧን ሲያስበው ሆዱ ባባ።

ቅዳሜ ጠዋት ገዢው መጣ፤ የጥርስ ሐኪም ነው። መኪናዋን ገና ሲያያት ወደዳት። ቀብድ ሊከፍል እጁን ኪሱ ሲከት፣ አማቱ ከክፍላቸው ብቅ አሉ።

«የኔ ልጅ፣ ጣሪያዋ እንደማይዘጋ ነግረውሃል?»

«አዎ እማማ፣ ነግረውኛል።»

«ራዲያተሯ ወንፊት እንደሆነስ? ጠዋት ጠዋት ሰፈሩ ተሰብስቦ ካልገፋት እንደማትነሣስ? ማርሿስ? ዘይቱንማ እንደ ውኃ ነው የምትጋተው። አንተ እንኳ የታመመ ጥርስ ነቅለህ ሰውን ትገላግላለህ፤ ከዚች ግን ማንም አይገላግልህ!»

መካኒኩ ራሱ እንዲህ አጥርቶ ተናግሮ አያውቅም። የጥርስ ሐኪሙ አመስግኖ በመጣበት እግሩ ተመለሰ።

«እማዬ! ምን ማድረግሽ ነው?» አለች ሚስትየው። «የክፍልሽ ቆርቆሮ በምን ሊቀየር ነው?»

«ዋሸሁ እንዴ? ባልዲዬን ለምጄዋለሁ» አሉ አማቱ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እህቴን ዳግመኛ ሳላያት የምሞት መስሎኝ ነበር፣ ልጄ። ዝናቡ በክረምት ነው የሚመጣው፤ እሷ ግን በጋ ከክረምት ትናፍቀኛለች።»

ሚስትየው ባሏን አየችው፤ እሱ መሬት መሬት ያያል።

ከሰዓት በኋላ መጋረጃ ሰፊው ለመኪናዋ የገዛውን ሸራ ተሸክሞ መሰላል ላይ ወጣ። ሚስቱ መሰላሉን ያዘችለት። በአማቱ ክፍል ጣሪያ ላይ፣ በሚያፈሰው በኩል ሸራውን ወጠረው፤ ጠርዙን እንደ ሳሎን መጋረጃ አሳምሮ አጥፎ ዙሪያውን በምስማር መታው። ማታ ዝናብ ጣለ። ባልዲው ደርቆ አደረ፤ አማቱም ማንንም ሳይረግሙ እንቅልፋቸውን ለጠጡ።

መኪናዋ ራሰ በራ እንደሆነች ቀረች። እሑድ ጠዋት ገና እያካፋ ነበር። መጋረጃ ሰፊው የለበሰችውን ላስቲክ ገፎ «እማማ፣ ዛሬስ ይቅርብን» ሊል ዘወር ሲል፣ አማቱ ትልቁን ጃንጥላ ይዘው ከኋላ ወንበር ተሰይመዋል፤ ሚስቱም አጠገባቸው ተጠግታለች። ሰፈሩ ወጥቶ ገፍቶ አስነሣቸው። በጋራዡ በር ሲያልፉ መካኒኩ አያቸውና፣ ሳቁ እያቋረጠው «ኧረ በዚህ ዝናብ! እንዴት ትችሉታላችሁ?» ብሎ ጮኸ።

«ቀላል ነው!» አሉት አማቱ፣ ጃንጥላቸውን ከፍ አድርገው።