አራተኛው ማዕዘን

ናዝሬት ወረቀቱን ማሽኑ ላይ ስታስቀምጥለት፣ ወልዱ የጎደለውን ወዲያው አየው። በሦስቱ ማዕዘን ላይ ደማቅ ጥቁር ካሬ አለ፤ በአራተኛው የለም።

«ኪው አር ኮድ ነው ጋሽ ወልዱ። አርባ ጋዋን ደረት ላይ ይጠልፉልኛል። ሐሙስ የሆቴልና የክሊኒክ ግዢ ሠራተኞች ይመጣሉ፤ ስልካቸውን ሲደቅኑበት ሥራችን ሁሉ ይከፈትላቸዋል።»

ዊንጌት አካባቢ ባለው በዚህ የደንብ ልብስ ስፌት ቤት፣ ወልዱ ሃያ ስድስት ዓመት አንድ መስኮት ሥር ተቀምጦ ጠልፏል። በኮምፒውተር የሚጠልፍ ማሽን ሊገዛ ነው የሚል ወሬ ከተነሳ ወዲህ ግን እህል አልወርድ ብሎታል።

«እኔስ ልጄ? ከሥራዬ...»

«ይህን ያሳምሩልኝ፤ ትዕዛዙ ከመጣ ማን ይነካዎታል?»

የስፌት ቤቱ ባለቤት አባቷ በሕይወት ሳለ፣ በዚያው መስኮት ሥር ወልዱ በቁርጥራጭ ጨርቅ አሻንጉሊት እየሰፋላት ያደገች ልጅ ናት። አመናት።

ወልዱ የካህናት ካባ ጠልፎ ያውቃል። ሦስቱን ማዕዘን አስጊጦ አራተኛውን መተው ለእሱ ነውር ነው። ማተሚያው የዘለለው መሰለው። በነጋታው ቁስቋም ኪዳን አድርሶ መጣና፣ ማዕዘኑ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ነጠብጣቦች ትቶ፣ እንደ ሦስቱ ያለ ካሬ ጠለፈበት። ማንም አላዘዘውም፤ ለእሷ ብሎ ነው።

የመጀመሪያውን ጋዋን ለስፌት ቤቱ የሽያጭ ሠራተኛ ለቶማስ አሳየው። ቶማስ ስልኩን ደቀነ፤ ራቅ አድርጎ ሞከረ፣ ጠጋ አድርጎም ሞከረ። ከዚያ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«እጅዎ ይባረክ ጋሼ። ልክ እንደዚሁ ይቀጥሉ።»

ቀጠለ። አርባውንም ጨረሰ።

ሐሙስ እንግዶቹ ስልካቸውን ጋዋኖቹ ላይ ደቀኑ። አንዱም አልከፈተም።

«የእኔ ስልክ ነው እንዴ?» አለች ከጳውሎስ በኩል የመጣች የክሊኒክ ግዢ ሠራተኛ።

«የእኔም እምቢ አለ» አለ ሌላው። «ደግነቱ ክፈሉ አላለንም።»

ተሳሳቁ። ቶማስ ጠጋ ብሎ ያየ መሰለ። «አሃ፣ ጋሽ ወልዱ ኮዱን አርመውት ነው። ሦስት ነበር፣ አራት አደረጉት።»

ሳቁ ባሰ። ናዝሬት ወደ መስኮቱ ተጣራች፤ «ይምጡ እንጂ ጋሽ ወልዱ፣ ይተዋወቋቸው። አራሚያችን እሳቸው ናቸው።»

ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጥቶ መሃላቸው ቆመ። ያኔ ቶማስ ከቦርሳው የታተመ ተለጣፊ ኮድ አወጣ፤ በጥልፉ ልክ የተቆረጠ፣ አርባ። በጥልፉ ላይ እየለጠፈ አለፈ። ስልኮቹ ተከፈቱ፣ ትዕዛዙም ተፈረመ። ወልዱ ተለጣፊውን አየ፣ ቶማስን አየ።

እንግዶቹ ሲወጡ ናዝሬትን ጠጋ አላት። «ልጄ፣ ትዕዛዙ እንግዲህ መጣ።»

«የመጣው በተለጣፊው ወረቀት ነው። የእርስዎን ማን አነበበው?»

«ወረቀት እኮ በአንድ አጠባ ይለቃል። ልተርትረውና እንደነበረው ልመልሰው። ስልኩ ካነበበውስ?»

ቶማስን አየችው፤ ፈገግ አለች። «ካነበበማ ጥሩ።»

ወልዱ አንዱን ጋዋን ይዞ ተቀመጠ። አራተኛውን ካሬ በምላጭ እየተረተረ አነሳው። ቁልፍ የምትተክለው ረይሃና ወረቀቱን ይዛ አጠገቡ ቁጭ አለች፤ እሷ ነጠብጣቡን ታነብለታለች፣ እሱ ይጠልፋል። «ጥቁር። ነጭ። ነጭ። ጥቁር።» አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስልኳን ደቀነችበት።

«ከፈተ!»

«እመቤቴ ተመስገን» ብሎ አማተበ። «እስቲ አሳዪኝ።»

ረይሃና ስልኩን ወደ ደረቷ አዞረችው። «ይቅርብዎ ጋሽ ወልዱ።»

ከእጇ ወሰደው። ስልኩ ላይ በተከፈተው ፎቶ ያለው የራሱ መስኮት ነው። ከሥሩ፣ እሱ አሁን በተቀመጠበት ቦታ ላይ፣ ገና ያልገባው ባለ አሥራ ሁለት መርፌ ማሽን ተቀናብሮ ቆሟል። ከበታቹ ጽሑፍ አለ፦ «ሥራችን ሁሉ በኮምፒውተር ይጠለፋል። የእጅ ስህተት የለበትም።»

«ይህን መቼ ነው የሠሩት?»

ረይሃና አቀረቀረች። «ወረቀቱን ለእርስዎ ከማምጣታቸው በፊት መሆን አለበት።»

ጋዋኑን ለናዝሬት ወሰደላት። በራሷ ስልክ ሞከረችው፤ ከፈተ።

«ጎበዝ» አለችው። «በሉ የቀሩትን ሠላሳ ዘጠኙንም እንዲሁ አድርገው እስከ ቅዳሜ ያስረክቡኝ። ማሽኑ ሰኞ ይገባል።»

ወልዱ ተመልሶ ሁለተኛውን ጋዋን አነሳ። ተለጣፊውን ላጠው፤ ምላጩን በጣቱ ፈተሸ።

«አሁንም ሊሠሩላት ነው?» አለች ረይሃና።

«ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ እንዲህ ትቼው አልሄድም። አንብቢልኝ።»

ወረቀቱን አነሳች። «ጥቁር» አለች። «ነጭ። ነጭ።»