ወንዙን የሚያየው ክፍል

አዲሱ አልጋ በሩ መሃል ተሰንቅሮ አልገባም አልወጣም ብሏል። ወንድሟ ከውስጥ ይስባል፤ እሷ ከውጭ ትገፋለች።

"ወደ ግራሽ አዘንብዪው፣ ዶክተር" አላት።

ገና ዶክተር አልሆነችም፤ የመመረቂያ ጽሑፏ የመጨረሻ ምዕራፍ ይቀራታል። እሱ ግን ዩኒቨርሲቲ ከገባች ጀምሮ በዚሁ ስም ነው የሚጠራት፤ ግማሹ ቀልድ፣ ግማሹ ኩራት። እንዳላት አዘነበለችው። የአልጋው እግር አዲስ የተቀባውን መቃን ፍቆ ገባ። ግንበኛው ወንድሟ የተፋቀውን ቦታ በአውራ ጣቱ ዳበስ አድርጎ፣ የሰው ቤት ሲሆን እንዲህ አያምም ብሎ ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። ዓይኗ መስኮቱ ላይ ቀርቷል።

ክፍሉን የሠራው ለእናታቸው ነው። ሳምንቱን የሰው ቤት ሲገነባ ሰንብቶ፣ እሁድ እሁድ ከግቢው በታች፣ ወንዙ ዳር፣ ለብቻው ድንጋይ ሲደረድር ሁለት ዓመት አለፈው። የእናታቸው ክፍል ያለው ላይ፣ አሮጌው ቤት ውስጥ ነው፤ መስኮቱ ሲከፈት የጎረቤት ግድግዳ እንጂ ሌላ አያሳይም። እናትየው አንድ ቀን ወንዙን ሳላይ ሞቼ ልቀር ነው ብለው ነበር። ቀልዳቸውን ይሁን የምራቸውን ማንም አልጠየቃቸውም፤ ልጃቸው ግን በሳምንቱ መሠረት መቆፈር ጀመረ።

ግድግዳው ሲቆም፣ ጣሪያው ሲመታ ፎቶ እያነሳ በስልክ ይልክላት ነበር። ወንዙ ምን ያህል እንደሚቀርብ ግን አንዱም ፎቶ አላሳየም። ዛሬ ዕቃ ለማጓጓዝ መጥታ ነው በዓይኗ ያየችው። ከመስኮቱ ሥር ነጫጭ ድንጋይ ተዘርግቷል፤ መሃሉ ላይ ሕፃን ዘሎ የሚሻገረው ውሃ ይንሿሿል።

ስልክ ልደውል ብላ ወጣች።

ዓመታት የለፋችው በዚሁ ወንዝ ላይ ነው። የቆየ የዝናብና የፍሰት መረጃ ሰብስባ፣ የአየር ንብረቱ ሲለወጥ ውሃው ምን እንደሚሆን በኮምፒውተር ስታሰላ ኖራለች። ውጤቱ ባለፈው ሳምንት ተጠቃሎ ወጣ። ወንዙ ከዓመት ዓመት እየከሳ ይሄዳል፤ ይህን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም። ሳይታይ የቆየው ሌላው ነው። ዝናብ የሚጥልባቸው ቀናት እያነሱ ይመጣሉ፤ በሚጥልበት ቀን ግን የወሩን ባንዴ ያራግፈዋል። የከሳው ወንዝ ቆጣ ያለ ቀን ከድሮው የባሰ ይሆናል። ውሃው ሊደርስ የሚችልበትን ቦታ ሁሉ ካርታዋ ላይ ሰማያዊ ቀብታዋለች። በሰማያዊው ውስጥ ብዙ መኖሪያ ቤት እንዳለ ጽፋለች፤ የማን እንደሆነ መጻፍ የጥናቱ ሥራ አልነበረም።

አማካሪዋ ፕሮፌሰር ስልኩን ሲያነሱ አዲሱ ክፍል ሰማያዊው ውስጥ መውደቁን በአጭሩ ነገረቻቸው።

"ካርታችን ሰፈር እንጂ ክፍል አይለይም" አሏት። "እዚያ ክፍል ውሃ ይገባል ማለት አትችዪም። አይገባም ማለትም አትችዪም።"

"የምትተኛበት እናቴ ናት፣ ፕሮፌሰር።"

"እንደ ተመራማሪ መልሱን ነግሬሻለሁ። እንደ ልጅ ግን እኔን አትጠይቂኝ።"

ስትመለስ ወንድሟ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ የአልጋውን ብሎን ያጠብቃል። ሳታድበሰብስ ነገረችው። እጁን ከመፍቻው ሳያነሳ ሰማት። መሠረቱን ከፍ አድርጎ ነው ያወጣው፤ ድንጋዩንም ከዚያው ወንዝ ውስጥ በደረቁ ተሸክሞ ነው ያመጣው፤ ወንዙ ውስጥ ከአቧራ በቀር ብዙ ነገር እንደሌለ እሱ ያውቃል። ይህን ሁሉ ነገራት። ከዚያ፣ "መቼ ነው የሚሆነው?" አለ።

"አላውቅም። በዚህ ክረምት ሊሆን ይችላል። አንተም እኔም ካለፍን በኋላም ሊሆን ይችላል።"

"እና ይሄን ሁሉ ዘመን የተማርሽው አላውቅም ለማለት ነው?"

ወንድሟ መፍቻውን አስቀመጠ።

"ካርታውን ተይውና አንድ ነገር ንገሪኝ። አንቺ እዚህ ትተኛለሽ?"

በበሩ በኩል ወደ አሮጌው ቤት የሚወጣውን ደረጃ አየች።

"እተኛለሁ፣ ጋሼ" አለች በመጨረሻ። "እኔ ዝናብ ሲጀምር እነቃለሁ። ውሃው ሲመጣ እሰማዋለሁ፤ ተነስቼ ደረጃውን እወጣለሁ። እማዬ ግን አትሰማም።"

የእናታቸው ጆሮ ከከበደ ቆይቷል፤ ለምሳ እንኳ የሚጠሩት ትከሻቸው ነካ እየተደረገ ነው። እሱ ለሁሉ ነገር አስቦላቸው ነበር። ተኝተው ወንዙን እንዲያዩ መስኮቱን ዝቅ አድርጎታል፤ ለጉልበታቸው ብሎ ደረጃው ላይ መደገፊያ ብረት አቁሟል። ይሄኛው ግን ውል አላለውም። እሷም ብትሆን እስክትናገረው ድረስ አላሰበችውም።

እናትየው መደገፊያውን ይዘው ቀስ እያሉ ወረዱ። ፍራሽ ያልተነጠፈበት አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው በመስኮቱ አዩ፤ ፊታቸው ፈካ አለ። ወንድሟ አንቺው ንገሪያት በሚል ዓይን አያት። ተንበርክካ፣ ሻል ብሎ በሚሰማው ጆሯቸው በኩል ሁሉንም አስረዳቻቸው።

"ይሄ ወንዝ?" አሉ እናትየው። "እኔን ወስዶ ምን ሊያተርፍ? አጥንት ብቻ ነኝ።"

ደግማ ነገረቻቸው። አሁን ቀልዱ ቀረ። ያንን ግድግዳ እያዩ መኖር በቅቷቸዋል፤ ወደዚያ አይመለሱም። "ወንድምሽ ሠራልኝ" አሉ፣ ድምፃቸው ሰለል ብሎ፣ "አንቺ ልትነጥቂኝ መጣሽ?"

ወንድሟ ፊቱን አዙሮ ምንም ያልጎደለውን ልስን በመዳፉ ይደባብስ ጀመር። እሷ ከተንበረከከችበት አልተነሳችም። ከተማ የሚጠብቃት ቢሮ አለ፤ ለክረምቱ አብራት የምትሠራ ጓደኛም አለቻት። የቀራት ምዕራፍ ግን የትም ቢሆን ይጻፋል።

"ቀኑ ያንቺ፣ ሌሊቱ የኔ ይሁን፣ እማዬ" አለች። "እስኪመሽ ድረስ እዚህ ቁጭ ብለሽ ወንዝሽን እዪ። ሲመሽ ላይ ትተኛለሽ፤ እዚህ የማድረው እኔ ነኝ።"

እናትየው አፏን እያዩ አዳመጡ። ደስ አላላቸውም፤ ግን እምቢም አላሉም።

"ክረምቱ እስኪወጣ?" አላት ወንድሟ።

"እስኪወጣ።"

"የሚመጣው ክረምትስ?"

"እሱን ሲመጣ እናየዋለን" አለችና ተነስታ ጉልበቷን አራገፈች። "ጠረጴዛ ታገኝልኛለህ?"

"አይጠፋም። የት ላድርግልሽ? ብርሃን ያለው መስኮቱ ጋ ነው።"

"ከመስኮቱ ራቅ አድርገው" አለች። "መስኮቱ የእማዬ ነው።"