ዝግ ብሎ የሚዞረው ማሽን

ሽቦ የሰው መኪና አቃጠለች።

እሳት ለኩሳ አይደለም፤ በፖሊሽ ማሽን ነው። የአዋላጇ ሰማያዊ መኪና፣ የኋላ በር፣ ጠርዙ ላይ። የሚሽከረከረው ስፖንጅ እዚያች ጋ ትንሽ ቆየት አለ። መጀመሪያ ላዩ ላይ ያለው አንጸባራቂ ክሊር ሄደ፣ ቀጥሎ ሰማያዊው ሄደ፣ ከሥር ነጩ እንደ ጥርስ ብቅ አለ። ጥፍር ብታህል ነው። ግን ጥፍር የምታህል ነጭ ሰማያዊ መኪና ላይ ከሩቅ ነው የምትጣራው።

ጋራዡ ውስጥ ያለ ሁሉ መጥቶ አየ። ባትላሜራው መዶሻውን ይዞ መጣ። ቀለም ቀቢው ጭንብሉን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መጣ። የጋራዡ ባለቤት፣ ታላቅ ወንድሟ፣ መጨረሻ ላይ መጣ። ባለቤት መቼም መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው።

“እጇ ነው” አለ፣ በሩን በቅጡ እንኳን ሳያይ። “የሴት እጅ ይሄን ማሽን አይችለውም ብዬ ነበር። ብዬ ነበር፣ አላልኩም?”

“ብለሃል” አለ ባትላሜራው። እሱ ባለቤቱ ያላለውንም ብለሃል ነው የሚለው።

ሽቦ ማሽኑን መሬት ላይ አስቀመጠች። ሽቦ ያሏት ቀጭን ስለሆነች ነው። ሲነኳት ስለምትወጋም ነው።

“ወንድም ጋሼ፣ ባለፈው የነጋዴውን ኮፈን ያቃጠልከው አንተ ነህ።”

“እሱ ማሽኑ ነው።”

“ከዚያ በፊት የታክሲውን ፓራፋንጎ እሱ” አለች፣ ወደ ቀለም ቀቢው በአገጯ እያሳየች።

“ማሽኑ ነው አልኩሽ! የፍጥነት ማዞሪያው ከተበላሸ ስንት ዘመኑ! ላይኛው ቁጥር ላይ ተቸክሎ ቀርቷል፣ ዝቅ በል ቢሉት አይሰማ።”

“እኔስ በምንድነው ያቃጠልኩት? በማንኪያ?”

ቀለም ቀቢው ሳቁን ወደ ሳል ቀየረው።

ነገሩ ይሄው ነው። እነሱ ሲያቃጥሉ ማሽኑ ነው፤ እሷ ስታቃጥል እጇ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን።

ሽቦ ይሄን ጋራዥ በእጥበት ነው የጀመረችው። ጎማ ፈግፍጋለች፣ የሰው ልጅ መቀመጫ ሥር የሚጥለውን ጉድ ሁሉ ለቅማለች። ፖሊሽ የያዘችው የበፊቱ ፖሊሽ አድራጊ ጥሎ ስለሄደና ሌላ ሰው ስለጠፋ ነው። የያዘች ቀን ግን አለቀላት። ጭጋግ የመሰለ ኮፈን ከሥሯ ሰማዩን መልሶ ሲያሳያት፣ ከእንግዲህ ባልዲ አልይዝም አለች። ለማንም አልተናገረችም፤ ለራሷ ነው ያለችው።

“ከነገ ጀምሮ ወደ ባልዲሽ” አለ ወንድሟ። “ፖሊሽ ካማረሽ ያቺውልሽ፣ የምትንቀጠቀጠዋ። ቀላል ናት፣ አታቃጥል፣ አትጎትት። ለሴት የተሠራች ናት።”

የምትንቀጠቀጠዋ ክፉ ማሽን አይደለችም። ለማጠናቀቂያ ትሆናለች። ጥልቅ ጭረት ላይ ግን እስኪመሽ ብትንቀጠቀጥ ውሃ ወቀጣ ነው። ወንድሟም ይሄን ያውቃል።

“እኔ እኮ ላንቺ ብዬ ነው” አለ፣ ድምፁን አለስልሶ። “እናታችን አደራ ብላኛለች። ክንድሽ ቢቀጭ ለሷ ምን እላለሁ?”

“እናታችን አደራ ያለችህ እኔን ነው፣ ማሽኑን አይደለም።”

“ሁለተኛ ይሄን ማሽን እንዳትነኪ! አለቀ!”

“እሺ። ያንተን አልነካም።”

ቱታዋን አውልቃ ምስማር ላይ ሰቀለችና ወጣች። ‘ያንተን’ ያለችውን የሰማ ቀለም ቀቢው ብቻ ነበር። እሱም ጭንብሉን ከግንባሩ ወደ ፊቱ አወረደ።

መሣሪያ መሸጫው ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ጠባብ ሱቅ ነው። ባለሱቋ ከመሰርሰሪያና ከመጋዝ መሀል ተቀምጠው ሹራብ ይሠራሉ። መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ነው።

“እናቴ፣ ፖሊሽ ማሽን ፈልጌ ነበር።”

“ለባልሽ ነው?”

“ለራሴ።”

ባለሱቋ መርፌያቸውን ሳያቆሙ በዓይናቸው መደርደሪያውን አሳዩዋት። ሦስት ነበሩ።

“ቀዩን ውሰጂ። ወንዶቹ ሁሉ እሱን ነው የሚወስዱት። አውሮፕላን በይው።”

“አውሮፕላን ምን ያደርግልኛል? ዝግ ሲል ስንት ድረስ ይወርዳል?”

መርፌው ቆመ። “ዝግ ሲል?”

“አዎ።”

“ልጄ፣ እኔን ሰው የሚጠይቀኝ ስንት ይፈጥናል ብሎ ነው። ስንት ይዘገያል ያለኝ የለም።”

“ለዚያ ነው የሰው መኪና የሚያልቀው። ይሰኩልኝ።”

“የሚሰካ የለም። የተከፈተ ካርቶን ማን ይገዛኛል?”

“እኔ።”

“ካልወደድሽውስ?”

“ካልወደድኩት አልገዛም። የሰርግ ቀሚስ እንኳን ይለካል እኮ።”

ባለሱቋ ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት። ከዚያ ማራዘሚያውን ከእግራቸው ሥር ጎትተው ሰጧት። “ምላስሽስ ያለ ኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው።”

ቀዩን ሰካች። ቃታውን ገና ስትነካው ጭራዋን እንደረገጧት ድመት ከእጇ ዘለለ። እንዲህ የሚዘል ማሽን የፖሊሹን ቅባት መስታወቱ ላይም፣ ፊት ላይም ነው የሚረጨው። ዘሎ ጠርዝ ላይ ካረፈ ደግሞ የአዋላጇን በር መድገም ነው። መልሳ አስቀመጠችው።

ሁለተኛው አነሳሱ ጥሩ ነበር። መልኩም ሸጋ ነው። ዝቅተኛው ቁጥር ላይ አድርጋ አንድ ቁራጭ እንጨት ላይ ስትጫነው ግን ትንፋሹ አለቀ፤ አቃሰተና ቆመ።

“መልከ መልካም ነበር” አሉ ባለሱቋ።

“መልኩን አላገባው።”

ሦስተኛው ግራጫ ነው፣ አቧራ ጠጥቷል፣ እጀታው እንደ ቀንድ ወደ ጎን ወጥቷል። ቃታውን ሳበችው። ከእንቅልፉ እንደሚነሳ ሰው ቀስ ብሎ ተነሳ። ዝቅተኛው ቁጥር ላይ ድምፁ ሰው ከማውራት የሚያግድ አልነበረም። እንጨቱ ላይ ተጫነችው፣ አልደከመም። የበለጠ ተጫነችው፣ አሁንም ያው ነው።

ከሦስቱ የሚከብደውም እሱ ነው።

ኮፈን ላይ ክብደት ይረዳል፣ ማሽኑ ራሱን ይጫናል። ጉዱ በር ላይ ነው፤ ማሽኑን አጋድመሽ ደረትሽ ላይ ይዘሽ ነው የምትሠሪው። ሽቦ ማሽኑን እንደዚያ አጋድማ ያዘች። ይዛ ቆመች። ባለሱቋ አንድ ረድፍ ሠርተው ሌላ ጀመሩ። ክንዷ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

“ማሽኑን ነው ክንድሽን ነው የምትመርጪው?”

“ሁለቱንም።”

“ከብዶሻል።”

“ከብዶኛል። ወንዶቹንም ይከብዳቸዋል፣ አይናገሩም እንጂ።”

ባለሱቋ ሳቁ። ሲስቁ ሹራቡ ከነክር ኳሱ ከጭናቸው ወደቀ።

ለስልክ ያጠራቀመችው ሄደ። ይሂድ፤ አሮጌውም ይደውላል። አንድ ለስላሳ ስፖንጅና አንድ ጥቅል የወረቀት ፕላስተር ጨምራ ካርቶኑን ትከሻዋ ላይ አደረገች።

በማግስቱ ጠዋት ካርቶኑን ይዛ ጋራዥ ስትገባ ወንድሟ ጥቁር መኪናውን አጥቦ እያደረቀ ነበር። ያቺን መኪና ጠዋት ጠዋት ራሱ ነው የሚያጥባት፣ ሌላ ሰው አያስነካም።

“ይሄ ምንድነው?”

“ማሽን።”

“የማን?”

“የኔ። ያንተን አልነካም ብዬ የለ?”

“የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ! የስልክሽን ብር? ሂጂ መልሺው!”

“ካርቶኑ ተከፍቷል፣ አይቀበሉም።”

“ይሁን እሺ።” ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣለ። “መኪና የሚሰጥሽ ማነው? አዋላጇ ዛሬ በሯን ልታይ ትመጣለች። ሁለተኛ ታስነካሻለች? ማን ያስነካሻል?”

ይሄ ወጋት። እውነት ስለሆነ ነው የወጋት።

“እዚያ ጓሮ የወደቀ በር አለኝ” አለ ቀለም ቀቢው፣ ለደግ ብሎ። “እሱ ላይ ትለማመድ።”

“የወደቀ በር ማን ያየዋል?” አለች ሽቦ።

የወንድሟን መኪና አየች። ጥቁሯ መኪና ሁልጊዜ ቆርቆሮው ጥላ ሥር ነው የምትቆመው። ጥላ ውስጥ መስታወት ናት። ፀሐይ ላይ ስትወጣ ግን ከኮፈኗ እስከ ኋላዋ ክብ ክብ ጭረት ነው፣ ሸረሪት ያደራባት ነው የምትመስለው። ወንድሟ ራሱ ነው ፖሊሽ ያደረጋት፣ በዚያው ዝቅ በማይለው ማሽን። ጋራዡ ውስጥ ያላየ የለም። የተናገረም የለም፤ የባለቤት ነገር ነዋ።

ቁልፉ ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ሽቦ አወረደችው።

“ወዴት? ሽቦ! ወዴት ነው?”

አስነስታ ወደ ኋላ ነዳችና ግቢው መሀል፣ ፀሐይ ላይ አቆመቻት። ሸረሪቱም፣ ድሩም፣ ሁሉም ወጣ። ባትላሜራው ደመና የሚፈልግ ይመስል ሰማይ ሰማዩን አየ።

“ወደ ጥላ መልሺያት!”

“ለምን? ፀሐይ ምን ታደርጋታለች?”

ወንድሟ ፎጣውን ከትከሻው ወደ እጁ፣ ከእጁ መልሶ ወደ ትከሻው አዛወረ። ቢመልስላት ማመን ይሆንበታል።

ሽቦ የወረቀት ፕላስተሩን በጥርሷ እየቆረጠች ጠርዝ ጠርዙን መለጠፍ ጀመረች። የኮፈኑን ዙሪያ፣ የመብራቱን ዙሪያ፣ ቀለም የሚሳሳበትን ቦታ ሁሉ። የአዋላጇ በር ላይ ይሄን አላደረገችም። ቸኩላ ነበር። ማዞሪያው የማሽኑ ጥፋት ነው፣ ፕላስተሩ ግን የሷ ነው። ማንም ላይ አላላከከችውም።

የግቢው በር ተከፈተና አዋላጇ ገባች፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ። ሰዎቹ የቆሙበት ቦታ መጥታ እሷም ቆመች። ደንበኛ ፊት የእህቱን እጅ ይዞ አይጎትት ነገር። ወንድሟ ወደ ሽቦ ተጠጋና በጥርሶቹ መሀል ተናገረ።

“ብታቃጥያትስ?”

“እጇ ነው ትላለህ።”

“ባታቃጥያትስ?”

“ማሽኑ ነው ትላለህ።”

ቀለም ቀቢው በዚህኛው አልሳለም፣ ሳቀ።

ሽቦ ገመዱን ቀለሙን እንዳይነካ በትከሻዋ ላይ ወደ ኋላዋ ጣለችው። ማዞሪያውን ቁጥር አንድ ላይ አደረገች። ስፖንጁን ቅባት ቀብታ ኮፈኑ መሀል አሳረፈችና ቃታውን ሳበች።